ሳህን ይዤ ቆሜ

ትናንት አባይ ማዶ ሰርግ ነበረብኝ። ምግብ አንስቼ ዞር ስል ወንበሩ ሁሉ ተይዟል። እነ እንትና ጋ አንድ ክፍት ቦታ ያየሁ መስሎኝ ጠጋ ስል ቦርሳ ተቀምጦበታል። ማንም ክፉ አልተናገረኝም። ሳህኔን ይዤ፣ ወጡ ወደ እንጀራው ጫፍ እየሸሸ፣ ምናልባት ግማሽ ደቂቃ ቆምኩ። ከዚያ አንዲት የማላውቃቸው እናት ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው "ነይ ልጄ፣ እዚህ ጋ ተጠጊ" አሉኝ።

ማታ እንቅልፍ ሲያጣኝ በዓይኔ ላይ የመጣችው ሙሽራዋ ሳትሆን ዶን ናት። የቶድ ሶሎንድዝ ፊልም፣ "ዌልካም ቱ ዘ ዶልሃውስ" ላይ ያለችው ባለመነጽሯ የ7ኛ ክፍል ልጅ። መጀመሪያው ላይ በትምህርት ቤቷ ምግብ አዳራሽ ትሪ ይዛ መቀመጫ ስትፈልግ እናያታለን። ሳየው ስልኬን ገልብጬ ማስቀመጥ አምሮኝ ነበር። በ1996 እ.ኤ.አ. ሰንዳንስ በሚባለው የአሜሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ታላቅ ሽልማት ያገኘ፣ በትንሽ ገንዘብ የተሠራ ፊልም ነው። የምወደውም ለዚያ ነው። ብዙ ብር የፈሰሰበት ቢሆን መነጽሯን አስወልቀው፣ ፀጉሯን ሠርተው ቆንጆ ያደርጓት ነበር፤ ተመልካች ተከፍቶ እንዳይወጣ። እዚህ ግን የሚያድናት የለም። መጨረሻ ላይ አውቶብስ ውስጥ ከልጆቹ ጋር እየዘፈነች ብቻዋን ናት።

"ናፖሊዮን ዳይናማይት" የሚባለው ፊልም ይቀለኛል። እሱም 400 ሺህ ዶላር ገደማ ነው የወጣበት፤ ዋናው ልጅ ግን ይጨፍርና ይጨበጨብለታል። ዳይሬክተሩ ጃሬድ ሄስ አሜሪካ፣ አይዳሆ ግዛት ውስጥ ፕሬስተን ወደምትባል ከተማው ተመልሶ፣ ራሱ የተማረበት ትምህርት ቤት ነው የቀረጸው።

ዓይን አፋር ብንል ምስጋና ነው፣ ፋራ ብንል ስድብ። ዶን ሁለቱንም አይደለችም። መግባት እየፈለገ በሩ ለጠፋበት ሰው ቃል አጣሁለት።

የእኛም ክፍል አንዲት ነበረች። 8ኛ ክፍል፣ ምሳ ሰዓት፣ በሐይቁ በኩል ካለው አጥር ጥግ። ምሳ ዕቃዋ ክዳን አልነበረውም፤ በፌስታል ሸፍና በክር ታስረዋለች። እኛ አምስት ሆነን እየተጎራረስን ስንበላ በአጠገባችን ስታልፍ እርምጃዋን ቀስ ታደርጋለች። "እንብላ" እንላለን፣ ቀና እንኳ ሳንል። "ብሉ፣ ብሉ" ትላለች። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነበር።

አንድ ቀን "እሺ" ብላ ቁጭ አለች።

ዝም አልን። ስለ ምን እያወራን እንደነበር ሁላችንም ጠፋን። እሷ ክሩን ስትፈታ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቋጠሮው እንቢ አላት። ማናችንም አላገዝናትም። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፣ እጄ ይደርስ ነበር። ሳትጨርስ ደወል ተደወለ፤ በማግስቱ በሌላ በኩል ዞራ ሄደች።

አሁን የት ትሆን? ክዳኑ እንዴት እንደጠፋባት እንኳ ጠይቀናት አናውቅም።