እናቴ የጠየቀችኝ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጭጋጉ ከደሴው ጦሳ ተራራ ወርዶ መስኮታችን ድረስ መጣ። ስልኬን ጓዳ ትቼ ሰሞኑን የያዝኩትን የታሪክ መጽሐፍ ገለጥኩ። የሰገሌ ጦርነት ላይ ደርሻለሁ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም.። የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርድ ጦራቸውን ይዘው ዘመቱ፤ በዚያች ቀን ተሸንፈው ተማረኩ። ተማሪ ሳለሁ ለፈተና የሸመደድኩት ነው። ዛሬ ግን ለልጁ ብሎ የተነሣ አባት ሆኖ ታየኝና አንጀቴን በላው።

መጽሐፉ አሮጌ ነው። ከእኔ በፊት ያነበበው ሰው በገጹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ «ወይኔ!» ብሎ ጽፏል። ማን እንደሆነ ባላውቅም ወደድኩት።

እናቴ ቡና እየወቀጠች «ምነው ልጄ፣ ፊትህ ጠቆረ?» አለችኝ። ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ቶናው እስኪቀዳ ዝም ብላ ሰማችና «የዘማቾቹ እናቶችስ ምን ሆኑ?» አለች። ወደ ኋላም ወደ ፊትም ገለጥኩ፤ ስለ እነርሱ አንድ መስመር የለም።

በየቀኑ በአይጠየፍ አጠገብ አልፋለሁ፤ ንጉሡ ያሠሩት አዳራሽ ነው። ነገ ቆም ብዬ አየዋለሁ። አያቶቻችሁ ስለ ሰገሌ የነገሯችሁ ካለ፣ በተለይ ሴት አያቶቻችሁ፣ እባካችሁ ጻፉልኝ። ለእናቴ አነብላታለሁ።