ጓሳ፣ ሱፍና አፈር ግድግዳ ላይ ሲወጡ

ደብረ ብርሃን ላይ ለዐውደ ርእይ ስምንት ዐሥር ሠዓሊ ሰብስባችሁ «ሰውና ተፈጥሮ» የሚል ርእስ ብትሰጡ፣ ስድስቱ ፀሐይ ስትጠልቅ ገደል ላይ የተቀመጠ ጭላዳ ዝንጀሮ ይዘው ይመጣሉ። ጭላዳው ምን አጠፋ! ግን ስለ ሰው አንድም ነገር አልተባለም። የሚሻለው በርእስ ሳይሆን በቁስ መጀመር ነው። መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባለው ሣር የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፣ ገሳ (የዝናብ ካባ) ነው። ሣሩ ለዓመታት ተከልሎ፣ በአባቶች ሥርዓት በጋራ ይታጨድ የነበረውም ለዚህ ነው። እያንዳንዱ ሠዓሊ ከሚኖርበት አካባቢ አንድ ቁስ ይምረጥና ሥራውን ከዚያ ይጀምር። ጓሳውን ግን ከጥብቁ ቦታ ሄዳችሁ አትጨዱ፤ ከገበያ ግዙ፣ ወይም ከፈረሰ ጣሪያ ውሰዱ። አሮጌው ክዳን ጭሱን ስለጠጣ ቀለሙም ይበልጣል።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው በሱፍ ነው። ያልታጠበ የበግ ጠጉር ቅባቱና ላቡ ብል ይጠራል። ለብ ባለ ውኃ በሳሙና ንከሩት እንጂ አትሹት፤ ውኃው ከሞቀና ከታሸ ጠጉሩ ተያይዞ ቡትቶ ይሆናል። ከደረቀ በኋላ ብሉ እንዲሞት በላስቲክ አሽጋችሁ፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ለ2 ሳምንት አቆዩት። «የደብረ ብርሃን ውርጭ ይበቃዋል» የሚል ሰው አይጠፋም፤ አይበቃውም። ባና ወይም ዝተት ስትሰቅሉ በሁለት ማዕዘኑ ምስማር አትምቱበት፣ በሳምንት ውስጥ መሐሉ ይረግባል። ከጀርባው፣ በላይኛው ጠርዝ ጥብቅ ጨርቅ እንደ ሱሪ መቀነቻ ሰፍታችሁ እንጨት አሳልፉበት፤ ክብደቱ እኩል ይከፋፈላል።

አፈር ቀለም ይሆናል፣ ትዕግሥት ካለ። በውኃ በጥብጣችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፤ አሸዋው ሲዘቅጥ ድፍርሱን በሻሽ አጥልላችሁ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡ። እስኪጠልል ተዉትና ከላይ የቀረውን ንጹሕ ውኃ ድፉ። ማያያዣው አንድ እጅ የግራር ሙጫ በሁለት እጅ ውኃ የሟሟ ይሁን። ሲደርቅ በጣት ሞክሩት፦ ጣት ላይ ከወጣ ሙጫው አንሷል፤ ካብለጨለጨና ከተሰነጠቀ በዝቷል።

አክሪሊክ የምትጠቀሙ ደግሞ ከቅዝቃዜው ተጠንቀቁ። ከ10 ዲግሪ በታች ቀለሙ ውኃው ቢተንም በወጉ አይያያዝም፤ ዱቄት ይሆናል ወይም ይሰነጠቃል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ወደ ዜሮ ስለሚጠጋ ረፋዱ ላይ ቀብታችሁ ከምሽት በፊት እንዲደርቅ አድርጉ። ቤት ዘግቶ በከሰል ማንደጃ ማሞቅ ሥዕሉንም በጥላሸት ያበላሻል፣ ሰውም ይገድላል።

ፍሬም ብዙ ጊዜ ከባሕር ዛፍ ነው የሚሠራው፣ ርካሽ ነውና። እርጥቡ ይጣመማል። ተሰንጥቆ፣ በመካከሉ አየር እንዲገባ ተደርድሮ ጥላ ውስጥ ወራት ሳይቆይ ለመወጠሪያ አታውሉት። ብራና ከሆነ ጀርባውን ጣውላ ላይ አታጣብቁ፤ በጭጋግ ይለጠጣል፣ በፀሐይ ይሰበሰባል፣ ከዚያ ይቀደዳል። ዙሪያውን በክር ወጥሩት።

አሰቃቀሉ ቀላል ነው፦ የሥዕሉ መሐል ከወለል 150 ሳንቲ ሜትር። ሣር ያለበት ሥራ ግን ከሚሞቅ አምፖል ይራቅ፣ እሳት ማጥፊያም አጠገቡ ይኑር።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ከሥራዎቹ መካከል በሰውና በተፈጥሮ መካከል ያለውን ጠብ የሚያሳይ ይኑርበት። ጭላዳ ሣር በል ነው፤ ከበጉ ጋር ግጦሽ ይሻማል፣ ገብስ ማሳ ውስጥም ይገባል። ፍቅር ብቻ የሚያሳይ ዐውደ ርእይ ገበሬውን አያሳምነውም። መግለጫ ወረቀቱም ላይ የቁሱ የአገር ስም፣ ከየት እንደመጣ፣ ለምን እንደሚያገለግል ይጻፍ፤ ቀሪውን ፍልስፍና ቀንሱት።

በመጨረሻው ቀን የአፈር ሥዕሎችን አትጠቅልሏቸው። በጨርቅ እየለያችሁ አጋድማችሁ ጫኑ።