ማንም የማያየው ክፍተት

ከታች በቀኝ በኩል አንድ የመንጋጋ ጥርስ ጎድሎኝ 7 ዓመት ኖሬያለሁ። ሲነቀል ሐኪሟ፣ እናቴን የሚያክሉ ሴት ናቸው፣ "ልጄ፣ ቦታው ባዶ እንዳይቀር፣ ቁስሉ ሲድን ተመለስና እንነጋገር" አሉኝ። እሺ አልኩ። ማደንዘዣው ሲለቀኝ እሺታዬም አብሮ ለቀቀኝ። ከኋላ ያለ ጥርስ ነው፣ ስስቅ አይታይ፣ በግራ በኩል ማኘክ ይቻላል። ታዲያ ምን ቸገረኝ?

የቸገረኝ ቆይቶ ነው። ከክፍተቱ ኋላ ያለው መንጋጋ ወደ ባዶው ቦታ ተጋደመ፣ ከላይ ትይዩ የነበረው ደግሞ የሚገጥመው ሲያጣ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። እኔ ጥርስ እንደ ሚስማር ተመቶ የቆመ ነገር ይመስለኝ ነበር። ለካ በቦታው የሚያቆየው ከጎኑና ከፊት ለፊቱ ያለው ጥርስ ነው፤ አንዱ ሲሄድ ሌሎቹ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። አጥንቱም ጥርሱን ለመያዝ የተሠራ ስለሆነ ጥርሱ ሲነቀል ሥራ ፈትቶ ይከሳል፣ በብዛት የሚከሳውም በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ነው። እኔ ስነቃ አጥንቱ ሳስቶ፣ ቦታው ጠብቦ፣ የሚተከል ጥርስ የሚቆምበት ጠፋ። ገና ሲነቀል ቢሆን በአንድ ሥራ የሚያልቀው ነገር አጥንት መሙላትን፣ የተጋደመውን በሽቦ ማቃናትን፣ የወረደውን ሞረድ ማድረግን ጨምሮ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀብኝ።

እንዴት እንደተነቀለም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እዚያም ላይ የሠራሁት ሞኝነት አለ። መጀመሪያ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ነበረች። ያኔ ማስሞላት በቂ ነበር። ቀጥሎ ቀዝቃዛ ነገር ይጠዘጥዘኝ ጀመር፣ ከዚያ ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም መጣ፣ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት (በሌላኛው በኩል ማለቴ ነው)። ከዚያ አንድ ቀን ሕመሙ ድርግም ብሎ ጠፋ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! ዳነ ብዬ ለሰው ሁሉ አወራሁ። የዳነ ነገር የለም፣ ነርቩ ሞቶ ነው። የሞተ ነርቭ አያምም፣ ኢንፌክሽኑ ግን ወደ ሥሩ ወርዶ ሥራውን ይቀጥላል። ያኔም ቢሆን የሥር ሕክምና አድርጌ ክራውን፣ ማለትም ጥርሱን የሚሸፍን ቆብ፣ ባስገጥም ይተርፍ ነበር። እኔ የሄድኩት ፊቴ አብጦ፣ ጥርሱ ከድድ በታች ከተሰነጠቀ በኋላ ነው። ከድድ በታች ለተሰነጠቀ ጥርስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመንቀል ሌላ መላ የለውም።

የእናቴ ታሪክ ሌላ ነው። እሷ አንድም ጥርስ ሳይቦረቦርባት ነው 6 ያጣችው። የእሷ ጣጣ ድድ ነበር። ድድ ደግሞ ተንኮለኛ ነው፣ አያምም። ስትቦርሽ ይደማል፣ እሷም ቆሰልኩ ብላ ያንን ቦታ መቦረሽ ተወች። ልክ በተቃራኒው መሆን ነበረበት፤ ድድ በአብዛኛው የሚደማው ጥርሱ ሥር የተከማቸው ቆሻሻ ስላስቆጣው ነው፣ በደንብ ሲጸዳ በሳምንታት ውስጥ ይሻለዋል። ቆሻሻው ከቆየ ግን እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፣ ታርታር የሚባለው እሱ ነው፣ በብሩሽ አይለቅም፣ በባለሙያ መታጠብ አለበት። ያንንም ዝም ካልነው ቁጣው ወደ አጥንቱ ይወርድና ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይበላዋል። የደማ ድድ ይድናል፤ የተበላ አጥንት ግን በራሱ ተመልሶ አያድግም።

እዚህ ላይ አንድ ወሬ አለ፣ "ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል" የሚባለው። እናቴም ታምንበት ነበር። እውነቱ ግን፣ አጥንቱ ቀድሞ አልቋል፣ የሚወላወለውን ጥርስ እርስ በርስ አጣብቆ የያዘው ታርታሩ ነበር። ሲጸዳ የተደበቀው ገበና ወጣ እንጂ እጥበቱ ምንም አላደረገም። በዚያ ላይ እናቴ ስኳር አለባት። ስኳሩ ከፍ ሲል ድዱ ይብስበታል፣ የድዱ ኢንፌክሽን ደግሞ በተራው ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች ደግሞ ከዚህ የባሰ ወጥመድ ውስጥ ናቸው፣ ጭሱ የደም ሥሮቹን ስለሚያጠብ ድዳቸው እምብዛም አይደማም፣ ስለዚህ ደህና ነኝ እንዳሉ ጥርሳቸው ይላላል። "እርጅና ነው" የሚለውን ነገር ግን አልቀበልም። እድሜ ብቻውን ጥርስ አይነቅልም።

መውደቅና ግጭትም አለ። ስለሱ አንድ ነገር ብቻ። ቋሚ ጥርስ ከነሥሩ ተነቅሎ ከወጣ ሥሩን ሳትነኩ በአክሊሉ፣ ከድድ በላይ በሚታየው ክፍል፣ በኩል ያዙት፣ ከቆሸሸ ሳትፈትጉ ለቅለቅ አድርጉትና ወዲያው ቦታው መልሱት፣ ካልተቻለ ወተት ውስጥ ጨምራችሁ ሩጡ። ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ ከደረሳችሁ ጥሩ ተስፋ አለው። የልጅ የወተት ጥርስ ከሆነ ግን አትመልሱት፣ ከሥር የሚመጣውን ይጎዳል።

ወደ መተኪያው ስንመጣ፣ እናቴ የመረጠችው ተነቃይ ጥርስ ነው። ቀዶ ሕክምና የለው፣ ወጪውም ይቀላል፣ ብዙ ጥርስ በአንዴ ይተካል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አፏ ውስጥ ጠጠር የያዘች ይመስል ነበር ንግግሯ፣ ኋላ ለመደችው። ሁሉንም ጥርስ ላጣ ሰው የላይኛው ላንቃ ላይ ተጣብቆ ይይዛል፣ አስቸጋሪው የታችኛው ነው፣ ምላስ እየገፋው ይነሳል። ለዚያ ደግሞ ከታች 2 ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚገባ ብሎን) ብቻ ተተክሎ ጥርሱ እንደ ቁልፍ ጠቅ ብሎ የሚገጥምበት አሠራር አለ፣ ቢቻል እሱን እመርጣለሁ። ማታ ማታ አውልቆ ውኃ ውስጥ ማሳደር ነው፣ የፈላ ውኃ ግን ያጣምመዋል።

ድልድይ ሁለተኛው ነው። ከክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ተሞርደው ክራውን ይለብሳሉ፣ በመሃል ሰው ሠራሹ ይንጠለጠላል። የማይወልቅ ነው፣ ቶሎም ያልቃል። እኔ ግን ደህና ጥርስ ማስሞረድ አልዋጥልህ አለኝ። ግራና ቀኙ ድሮም የተሞላ ወይም የተሰበረ ከሆነ ያን ጊዜ ድልድይ ጥሩ ምርጫ ነው።

እኔ ኢምፕላንት ነው ያስተከልኩት። ታሪኩ ደስ ይላል። ፐር ኢንግቫር ብሮነማርክ የተባለ ስዊድናዊ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የጥንቸል አጥንት ውስጥ የታይታኒየም መሣሪያ ቀብሮ የደም ዝውውር ያጠና ነበር፣ ጥናቱ ሲያልቅ መሣሪያውን ላውጣ ቢል አጥንቱ ይዞ አለቅም አለው። ከዚያ አጋጣሚ ተነስቶ በ1965 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ሰው ላይ ተከለ። አሁንም አሠራሩ ያው ነው፣ የታይታኒየም ብሎን አጥንት ውስጥ ይገባል፣ አጥንቱ እስኪይዘው አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይጠበቃል፣ ከዚያ ጥርሱ ከላይ ይታሰራል። ጎረቤቶቹን አይነካም። አይቦረቦርም፣ ግን "አንዴ ከተተከለ ግድ የለም" የሚል ካለ አትስሙት፤ ዙሪያው ያለው ድድ ልክ እንደ ድሮው ታሞ አጥንቱን ሊበላው ይችላል። ለሚያጨስ ሰው የመክሸፍ እድሉ ይጨምራል። ለአጥንት መሳሳት መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነም ከመነቀሉም ከመተከሉም በፊት ለሐኪሙ ንገሩ፣ አንዳንዶቹ መድኃኒቶች የአጥንቱን መዳን ያውካሉ።

ምንም አለመተካትም ይቻላል፣ ለምሳሌ የጎደለው የመጨረሻው መንጋጋ ከሆነና በቀሪዎቹ በደንብ የምታኝኩ ከሆነ። ግን እሱንም ቢሆን ሐኪም አይቶ ይወስን፣ እንደኔ ስንፍና አይወስንላችሁ።

አሁን አዲሱ ጥርስ ከገባ 8 ወር ሆነው። የተፈጥሮ ጥርስን ከአጥንቱ ጋር የሚያያይዘው ስስ ጅማት እሱ ስለሌለው ጫናውን እንደሌሎቹ አይሰማኝም፣ ትንሽ ደንዘዝ ያለ ነው። ማኘኩን ያኝካል። እኔ ግን ሳላስበው እስካሁን በግራ ነው የማኝከው፣ ምላሴም ክፍት ቦታ ፍለጋ ወደዚያው ትሄዳለች።