የሚጮኸው ቶርኖው አይደለም

ቶርኖ ቤት፣ ማለትም ብረት በማሽን እያዞሩ በቢላ የሚቀርጹበት ቤት፣ ያለው ሰው ጎረቤት ሲማረርበት መልሱ አንድ ነው፦ «ማሽን ነው፣ ምን ላድርገው?» ከማሽኑ በትክክል ምኑ ነው የሚጮኸው ብትሉት ግን ብዙው ሰው አይመልስላችሁም። የኛን ቤት ጫጫታ መቀነስ የጀመርነው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ቤቱ ኮልፌ ነው። ትልቅ አይደለም። ሁለት ቶርኖ፣ አንድ ፍሬዛ (በሚዞር ቢላ ብረት የሚቀርጽ)፣ ትራፓኖ (መብሻ)፣ ግራይንደር (መሞረጃ)፣ የብረት መቁረጫ ዲስክና አየር የሚያምቅ ባለ ፒስተን ኮምፕሬሰር አለን። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ግድግዳው ከፊሉ ብሎኬት፣ ከፊሉ ቆርቆሮ። ከአጥሩ ወዲያ ሰው ይኖራል። እዚያ ያሉ እናት አንድ ቀን በር ላይ አስቆሙኝና «ልጄ፣ እንጀራህን ዝጋ አልልህም። ይቺን የምታፏጨውን ነገር ብቻ ምናለ ብትተዋት?» አሉኝ። የምታፏጨው? ቶርኖ እኮ አያፏጭም።

ስልኬ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጫንኩ። የስልክ ቁጥር ለክርክር አይሆንም፤ ማይክሮፎኑ ከስልክ ስልክ ይለያያል። ሁልጊዜ ከአንድ ቦታና በአንድ ከፍታ ከለካችሁ ግን ለማወዳደር ይበቃል። ሁሉንም አጠፋንና አንድ በአንድ እያስነሳን ለካን፤ አንዴ ሠራተኛው ጆሮ አጠገብ፣ አንዴ አጥሩ ሥር። ቶርኖውን ደግሞ ከፋፍለን ነው የለካነው። መጀመሪያ ሞተሩ ብቻ፣ ቀጥሎ ብረቱን የሚይዘው ቻክ ባዶውን ሲዞር፣ በመጨረሻ ብረት ሲቆርጥ። እንዲህ ካልሆነ የሞተሩን፣ የማርሹንና የቢላውን ድምፅ መለየት አይቻልም።

ቶርኖው ብረት እየቆረጠ 80 ዴሲቤልን (የድምፅ መለኪያው ነው) ብዙም አላለፈም። የብረት ፍቅፋቂ በታመቀ አየር የምናራግፍበት ኤር ጋን ግን 100 አካባቢ አሳየ። መቁረጫ ዲስኩ ከዚያም በላይ ነው። የእኚያ እናት ጆሮ ከሁላችንም ይሻል ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ ስለ ዴሲቤል አንድ ነገር ካልተረዳችሁ ገንዘባችሁን ታባክናላችሁ። ዴሲቤል እንደ ኪሎ አይደመርም። 85 ዴሲቤል የሚያሰማ ማሽን አጠገብ ሌላ 85 ብታስነሱ ድምሩ 88 ነው። 95 እና 85 አብረው ቢሠሩ ደግሞ 85ቱን ሙሉ በሙሉ ዝም ብታሰኙት እንኳ የምታተርፉት ግማሽ ዴሲቤል አይሞላም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚነካው ከሁሉ በላይ የሚጮኸው ነው። እሱ ሳይቀነስ ሌላው ላይ መድከም ከንቱ ነው። ጆሯችን «አሁን በግማሽ ቀነሰ» የሚለው ደግሞ ወደ 10 ዴሲቤል ሲወርድ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚጮኸው ዲስኩ ቢሆንም መፍትሔው ከአቅማችን በላይ ነው፤ በመጨረሻ እመለስበታለሁ። ስለዚህ ከሱ ከሚቀጥለው፣ ከአየሩ ጀመርን። ኤር ጋን የሚጮኸው ከቀዳዳው የሚወጣው ፈጣን አየር ከቆመው አየር ጋር ሲጋጭና ሲታመስ ነው። የብሪታንያው የሒሳብ ሊቅ ጄምስ ላይትሂል በ1952 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው የእንዲህ ዓይነት ድምፅ ጉልበት ከፍጥነቱ ጋር በስምንተኛ ደረጃ ያድጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የድምፁ ጉልበት 256 እጥፍ ይሆናል እንደማለት ነው። ለኛ የሚጠቅመው ግን ተገላቢጦሹ ነው፦ ፍጥነቱን ትንሽ ስትቀንሱ ጫጫታው ብዙ ይወርዳል።

የኤር ጋኑ መስመር ላይ የግፊት መቆጣጠሪያ አስገባንና ከ7 ባር (የግፊት መለኪያ ነው) ወደ 2 ባር አወረድነው። ልጆቹ መጀመሪያ አጉረመረሙ፤ «ይሄ እኮ ትንፋሽ ነው፣ አየር አይደለም» አሉ። ግን ፍቅፋቂ ለማራገፍ 2 ባር ይበቃል። አሜሪካኖች በደንባቸው ለማጽጃ የሚውል አየር ከ30 ፒኤስአይ፣ ማለትም ከ2 ባር ገደማ፣ እንዳያልፍ ያደረጉት ለጆሮ ብለው ሳይሆን ፍቅፋቂ ዓይን ውስጥ እንዳይገባና አየሩ ቆዳ እንዳይበሳ ነው። ቀጥለን ባለ አንድ ቀዳዳውን ጫፍ አውጥተን ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳ ያለው ገጠምን። በብሩሽ የሚጸዳውን በብሩሽ አደረግነው። በምሳ ሰዓት ሁሉም ሲጠፋ ደግሞ በየመገጣጠሚያው የሳሙና ውሃ ቀባን። አረፋ በሠራበት ሁሉ አየር ይፈስሳል። ፍሳሹን ስንደፍን ፉጨቱ ብቻ አልነበረም የቀረው፤ ኮምፕሬሰሩም እንደ ድሮው ቶሎ ቶሎ መነሳቱን ተወ። የመብራት ሒሳቡም አመስግኖናል።

ኮምፕሬሰሩ ሌላ ዓይነት ጠባይ አለው። ድምፁ ወፍራም ነው፣ ዱግ ዱግ ይላል፣ ግድግዳ አልፎም ይሄዳል። አብዛኛው ድምፅ የሚወጣው አየር ከሚስብበት አፍ ነው። በዚያ ላይ ሁለት የቆርቆሮ ግድግዳ የሚገናኙበት ጥግ ላይ ነበር የተቀመጠው፤ ጥግ ደግሞ ድምፅን እየመለሰ ያጠናክራል። እግሩ ሲሚንቶው ላይ ስለታሰረና የብረት ቱቦው ቀጥታ ግድግዳው ላይ ስለተቸነከረ ቆርቆሮው በሙሉ ከበሮ ሆኖ ነበር።

ወደ መንገድ በሚያዋስነን በኩል ትንሽ የብሎኬት ክፍል ሠራንለትና ሁለቱንም ገጽ ለሰንነው። ልስኑ ለውበት አይደለም። ያልተለሰነ ብሎኬት በየቀዳዳው ድምፅ ያሳልፋል። ከእግሩ ሥር ከምናለሽ ተራ የገዛሁትን ወፍራም ጎማ ቆርጠን አስገባን። ጎማው ከኮምፕሬሰሩ ክብደት የተነሳ ትንሽ መጨመቅ አለበት፤ ጭራሽ የማይጨመቅ ጎማ ካላችሁ ብረት አስገብታችኋል ማለት ነው። ከኮምፕሬሰሩ እስከ ብረት ቱቦው ያለውን ደግሞ በሚተጣጠፍ ቱቦ አገናኘነው። በኔ ግምት ከሁሉ በላይ የሠራው ይቺ አጭር ቱቦ ናት። ቱቦው ቆርቆሮውን ማንቀጥቀጡን ተወ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ኮምፕሬሰርን ዝግ ሳጥን ውስጥ ቆልፋችሁ አትተዉት። ይግላል፣ ዘይቱ ይቃጠላል፣ ፒስተኑ ነክሶ ይቆማል። አየር መግቢያና መውጫ ያስፈልገዋል። እኛ መተላለፊያውን ቀጥ አላደረግነውም። ሁለት ጊዜ አጠፍነው፤ አየሩ ታጥፎ ያልፋል፣ ድምፁ ግን በየእጥፋቱ ይደክማል።

ቶርኖው ላይ ያለን ሥራ ጥቃቅን ነው፣ ግን ደስ ይላል። ረጅም ዘንግ በስፒንድሉ (ቻኩን በሚያዞረው ክፍት ዘንግ) ቀዳዳ ሲገባ ወደ ኋላ ያለው ጫፍ ባዶ ቦታ ውስጥ እየተወራጨ ቋ ቋ ቋ ይላል። ባለሙያችን ከናይለን ቀለበት ቶረነ። ውጪው የስፒንድሉን ቀዳዳ፣ ውስጡ የዘንጉን ውፍረት ይይዛል። አሁን ለየውፍረቱ የሚሆን ቀለበት በሽቦ ተሰክቶ ማሽኑ ጎን ተንጠልጥሏል። ሥራ ሲጀምር መርጦ ይከታል፣ ቋቋታው የለም። ዘንጉ ከስፒንድሉ ኋላ ወጥቶ እንዳይቀር ግን አጥብቃችሁ ተቆጣጠሩ። በፍጥነት ሲዞር ከታጠፈ ሰው ይገድላል።

ሽፋኖቹ ደግሞ አሉ። ማሽኑ እየሠራ የላሜራ ሽፋኑን በመዳፋችሁ ጫን በሉት፤ የሚዞር ነገር አጠገብ ግን እጅ አይገባም። ድምፁ ከወረደ ጥፋተኛው ሽፋኑ ነው። ቡሎኑን አጥብቁ፣ ከሥሩ የካላማዳሪ ቁራጭ አስገቡ። ወጪው ዜሮ ነው።

ቢላው ሲርገበገብ የሚወጣውን ጆሮ የሚሰነጥቅ ጩኸት ብዙዎች እንደ ተፈጥሮ ይቀበሉታል። ጩኸቱ ግን ሥራው እየተበላሸ መሆኑን ነው የሚናገረው። ገጹን እዩት፣ ሞገድ ሞገድ ይሠራል። ቢላውን አሳጥራችሁ እሰሩ። ቀዳዳ የምታሰፉበት የብረት ዘንግ ከውፍረቱ አራት እጥፍ በላይ ከወጣ ይርገበገባል። ወይ ፍጥነቱን ቀይሩ፣ ወይ ረጅሙን ዕቃ በሌላኛው ጫፍ ደግፉት።

ግድግዳ ላይ ስንመጣ ምክር የማይሰጥ ሰው የለም። «የእንቁላል ካርቶን ለጥፍ» ያለኝ ስንት ነው! የእንቁላል ካርቶን ቀላል ወረቀት ነው። ቀጭኑን ድምፅ ክፍል ውስጥ እንዳያስተጋባ ትንሽ ይይዘው ይሆናል እንጂ ወደ ጎረቤት የሚሄደውን አያግድም። ድምፅን የሚያግደው ክብደት ነው። ደግሞ የግራይንደር ፍንጣሪ ባለበት ቤት ግድግዳን በወረቀት መሸፈን እሳት መጥራት ነው። ሌላው ክፍተት ነው። ከግድግዳው ስፋት አንድ በመቶው ክፍት ከሆነ፣ የቀረው ምንም ያህል ወፍራም ቢሆን ከ20 ዴሲቤል በላይ አያግድላችሁም። የኛው ክፍተት በጣሪያውና በግድግዳው መሃል ነበር። በመኖሪያ ቤቶቹ በኩል ደፈንነው፣ በመንገዱ በኩል ለሙቀቱና ለብየዳው ጭስ ብለን ተውነው።

የጆሮ መከላከያ በመጨረሻ ነው የመጣው፣ ግን ቀርቶ አያውቅም። የአሜሪካው የሥራ ደህንነትና ጤና ምርምር ተቋም፣ ናዮሽ፣ ለ8 ሰዓት ሥራ ወሰኑን 85 ዴሲቤል ያደርጋል። በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ከሠራተኞቻችን በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ «እኔ ለምጄዋለሁ» ይላሉ። ጆሮ አይለምድም። ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። ጋሼም ድምፅ ይሰማሉ፣ ንግግሩ ግን አይለይላቸውም፤ ሬዲዮውን ከፍ የሚያደርጉት እሳቸው ናቸው። መከላከያውን ግማሽ ቀን አድርጎ ግማሽ ቀን ያወለቀ ሰው፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ የሚያተርፈው 3 ዴሲቤል ገደማ ነው። ስለዚህ የሚመቸውን መርጦ መግዛት ከውዱ ይበልጣል።

ያልተፈታው መቁረጫ ዲስኩ ነው። የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን መመሪያ ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ማታ 45 ዴሲቤል ይላል፤ ዲስክ ሲነሳ አጥሩ ሥር ይህን ማሰብ ዘበት ነው። መፍትሔው በማቀዝቀዣ ፈሳሽ እየታገዘ ቀስ ብሎ የሚቆርጥ ባለ ቀበቶ መጋዝ፣ ባንድ ሶው፣ ነው፤ ዋጋው ግን ገና አልደረስንበትም። እስከዚያ ከጎረቤቶቹ ጋር ተነጋግረን የዲስክ ሥራ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት አደረግነው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ባሉበት። ከዚያ ውጪ አስቸኳይ ሥራ ከመጣ ባንድ ሶው ወዳለው ወዳጄ እልካለሁ። ለየቁራጩ ያስከፍለኛል፣ እከፍላለሁ።