የተቆራረጠው መስመር

ዛሬ ሲዘንብ ዋለ። ዝናብ ሲጥል ታውቁኛላችሁ፣ እጄ ሥራ ይፈልጋል። የፊልድ ቦርሳዬን ዘርግፌ ማጽዳት ጀመርኩ። መዶሻው፣ ኮምፓሱ፣ ክሩ የተበጠሰው ማጉያ ሌንስ፣ ትንሿ የአሲድ ጠርሙስ። ከሥር አሮጌ የማስታወሻ ደብተሮቼ ወጡ። አንዱን ገለጥኩት። ጽዳቱ እዚያው ቀረ።

ገጹ ላይ በእርሳስ የተሳለ ካርታ አለ። የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። መሃሉ ላይ የተቆራረጠ መስመር፣ ጫፉ ላይ የጥያቄ ምልክት።

ታናሼ የሆነች አንዲት ተማሪ መልእክት ከላከችልኝ አራተኛ ቀኗ ነው። «ጂኦሎጂ ልምረጥ ወይስ ይቅርብኝ? እውነቱን ንገሪኝ» ትላለች። ሙያዬን እንደምወደው ማንም ያውቃል። ዓይኔን ሳላሽ «ምረጪ» የምላት ይመስላችኋል። ግን «እውነቱን» ያለችው ነገር ያዘኝ።

የጂኦሎጂ ካርታ ላይ መስመር ሁሉ እኩል አይደለም። ሁለት ዓለቶች የሚገናኙበትን ቦታ ቆመሽበት ካየሽው ሙሉ መስመር ትስያለሽ። እዚህ አካባቢ ይሆናል ብለሽ ከገመትሽ መስመሩ ይቆራረጣል። አፈር ከሸፈነው ነጠብጣብ ይሆናል። መኖሩንም ከተጠራጠርሽ የጥያቄ ምልክት ታደርጊበታለሽ። ይህን ሕግ ከልቤ እወደዋለሁ። ምን ያህሉን እንደምታውቂና ምን ያህሉን እንደማታውቂ በእርሳስሽ ትናገሪያለሽ።

ያን ጊዜ አለቃዬ «ይሄ ጥያቄ ምልክት ምንድን ነው? ሰው ገንዘቡን በጥያቄ ምልክት ላይ አያፈስም» አለኝ። የሳልኩት ፎልት ነበር፣ ዓለቱ ተሰብሮ የተንሸራተተበት ቦታ። በሁለት ወንዞች ዳር አይቼዋለሁ። በሁለቱ መካከል ያለው ግን አፈር ነው። ሊቀጥል ይችላል፣ ሊታጠፍም ይችላል። አዲስ ነበርኩ። የመጨረሻው ካርታ ላይ ሙሉ መስመር አደረግኩት።

ቀጣዩ ጉድጓድ ያንን መስመር አምኖ ተቆፈረ። ኮሩ፣ ማለትም ከጉድጓዱ እንደ በትር ተቆርጦ የሚወጣው ዓለት፣ ሲወጣ ሳጥኖቹ ላይ አጎንብሼ ዋልኩ። በውሃ አጥባለሁ፣ በሌንስ አያለሁ። የተፈጨ ዓለት፣ ጭቃ የሆነ ስንጥቅ፣ ተፋትጎ የሚያብረቀርቅ ገጽ እፈልጋለሁ፣ የፎልት ምልክቶች ናቸውና። ምንም የለም። ንጹሕ፣ ያልተሰበረ ግራናይት፣ ሜትር በሜትር። የማሽኑ ኃላፊ ደስ ብሎት «እንዲህ ያለ ኮር አይቼ አላውቅም፣ ያምራል» አለኝ። ቁፋሮ ላይ ያለ ሰው ያልተሰበረ ኮር ይወዳል። ሁለት ሌሊት በብርድ ቆመው ነው ያወጡት። መስመሩ የኔ እንደሆነ፣ ግማሹን እንደገመትኩት አልነገርኩትም። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይሞቃል።

ከዚያ ወዲህ ኮር ባየሁ ቁጥር ስፋቱ ይገርመኛል። እኛ ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት ዲያሜትሩ 47.6 ሚሊ ሜትር ነው። በመዳፍሽ ትጨብጪዋለሽ። በዚያች ቀጭን በትር ስለ አንድ ተራራ ሆድ እንናገራለን። በኮላ ልሳነ ምድር ሩሲያ ውስጥ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምረው ቆፍረው በ1989 12,262 ሜትር ደረሱ። እስከ ምድር መሃል ያለው 6,371 ኪሎ ሜትር ነው። ቅርፊቱን እንኳ አልጨረሱም። ከግራናይቱ በታች ባዛልት ይጠብቁ ነበር፣ በምድር ውስጥ የሚያልፈው የንዝረት ሞገድ እንደዚያ ያለ ወሰን ያሳያልና። ባዛልቱ አልተገኘም። ሙቀቱም 100 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል ሲሉ 180 ሆኖ ጠበቃቸው። ይህን ሳነብ ስለ ጉድጓዴ አለቀስኩ ብል አታምኑኝም፣ ግን አልቅሻለሁ። እነዚያን የሚያህሉ ሰዎችም የጠበቁትን አላገኙም።

ደግሞ ዴንማርካዊቷ የመሬት መንቀጥቀጥ አጥኚ ኢንገ ሌማን አለች። የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገዶች ሊደርሱበት በማይገባ ቦታ ደከም ብለው ተመዝግበው አየች። ሌሎች ሌላ ምክንያት ሰጥተውት አልፈውት ነበር። እሷ ግን ቁጭ ብላ አሰላች። እ.ኤ.አ. በ1936 የምድር እምብርት ውስጥ ሌላ እምብርት አለ አለች። ጠጣር መሆኑ የተረጋገጠው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። 104 ዓመት ስለኖረች ይህንንም ለማየት በቃች። ማንም ያላየውን፣ ማንም የማያየውን ነገር ከወረቀት ላይ ጭረት አነበበች። የተቆራረጠ መስመር ማለት ፍርሃት አለመሆኑን ከሷ ነው የተማርኩት።

ለታናሿ ስለ ሥራው መናገር ይቀላል። ውሃ ፍለጋ አለ፣ ማዕድን አለ፣ የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል አለ፣ የመሬት መንሸራተት ጥናት አለ። ፊዚክስና ሒሳብ አትጥይ እላታለሁ። ፊልድ አንድ ወር ከሆነ ኮምፒውተር ላይ ሦስት ወር ነው እላታለሁ። ጉልበትሽን ጠብቂ። ይሄ ሁሉ እውነት ነው። የጠየቀችኝ ግን ይሄን አይመስለኝም። ሰዎች እርግጠኛ ሁኚ እያሉ ሲጫኗት የጥያቄ ምልክቷን ይዛ መቆም ትችል እንደሆነ እኔ በምን አውቃለሁ? እኔ እንኳ ያን ጊዜ አልቻልኩም።

ደብተሩን እንደገና አየሁት። የእርሳሱ መስመር ትክክል ነበር። ስህተቱ የተሠራው በቀለም ሲገለበጥ ነው። ከጉድጓዱ በኋላ ብዙም ሳልቆይ ሥራ ቀየርኩ። ያ ካርታ ግን አንድ ቢሮ መደርደሪያ ላይ እንዳለ ይሆናል። ዛሬ የሚከፍተው ልጅ ሙሉ መስመር ሲያይ ሄዳ አይታዋለች ብሎ ያምነኛል። ጉድጓዱ ባዶ ከወጣ በኋላ መስመሩን ያስተካከለው ሰው ይኖር ይሆን? ወይስ እስካሁን እንደሳልኩት ነው?