«እኔ» የሚለው አድራሻ

ፕሮግራሙ ላፕቶፔ ላይ ለወራት ያለ ችግር ሠርቷል። የአንድ ትንሽ ሱቅ የዕቃ መመዝገቢያ ነው። መረጃውን የሚይዘው ዳታቤዝ ፖስትግሬስ፣ አድራሻው 127.0.0.1፣ ፖርቱ (የሚያዳምጥበት የበር ቁጥር) 5432። አንድ ቀን ማታ ፕሮግራሙን ዶከር ኮንቴነር (ፕሮግራምን ከሌላው ለይቶ የሚያስኬድ ሣጥን መሰል ነገር) ውስጥ ላስገባው ተነሣሁ። ኮዱን አልነካሁትም። ስከፍተው ግን «ኮኔክሽን ሪፊውዝድ» (ግንኙነቱ ተከልክሏል) አለኝ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ዳታቤዙን ነው። አጥፍቼ አስነሣሁት። ከላፕቶፔ ተርሚናል ስሞክር ወዲያው ያስገባኛል። የይለፍ ቃሉን ሳይቀር ለወጥኩ። እሱ ከንቱ ልፋት ነበር። የይለፍ ቃል ችግር ቢሆን ኖሮ ፖስትግሬስ ራሱ በነገረኝ ነበር። «ሪፊውዝድ» ሲል ብዙውን ጊዜ በዚያ ፖርት ላይ የሚያዳምጥ የለም ማለት ነው። ቀጥዬ ኮንቴነሩ ውስጥ ገባሁና 127.0.0.1ን ፒንግ አደረግኩ («አለህ ወይ?» ብሎ መጠየቂያ ነው)። መለሰ! ሁለት ሰዓት ያህል ያሳሳተኝ ይሄ መልስ ነው። «መንገዱ ደህና ነው» ብዬ ደመደምኩ።

ከጭንቁ ያወጣኝ ቲሲፒደምፕ የሚባለው፣ በኔትወርክ የሚያልፈውን መረጃ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። ላፕቶፔ ላይ «ሎ» የሚባለውን ኢንተርፌስ (ማሽኑ ከኔትወርክ ጋር የሚገናኝበትን በር) እንዲያዳምጥልኝ አዘዝኩትና ከኮንቴነሩ እንደገና ፒንግ አደረግኩ። ኮንቴነሩ ውስጥ መልሱ ይደረደራል። ላፕቶፑ ላይ ግን አንዲት ፓኬት (በኔትወርክ የሚላክ የመረጃ ጥቅል) እንኳ አልታየችም። ታዲያ የሚመልሰው ማነው?

ሊኑክስ ላይ «ሎ» ሽቦም አንቴናም የሌለው፣ በሶፍትዌር ብቻ የተሠራ ኢንተርፌስ ነው። ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ፓኬት ሲሰጠው ወደ ውጭ አይልክም። ዞር አድርጎ ለዚያው ከርነል መቀበያ ያስረክባል። ዋይፋይ ቢጠፋ፣ ኬብል ቢነቀል ግድ የለውም። የሚያልፍበት ሽቦ ስለሌለም ፓኬቱ ትልቅ ሊሆን ይችላል፤ ኤተርኔት ላይ የተለመደው 1500 ባይት ሲሆን እዚህ 65536 ነው። በ127 የሚጀምሩት ከ16 ሚሊዮን በላይ አድራሻዎች በሙሉ ለዚሁ ተግባር የተያዙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው አርኤፍሲ 1122 የተባለው የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ከማሽኑ ውጭ እንዳይታዩ ደንግጓል።

ይሄን ሁሉ አውቅ ነበር። ያላስተዋልኩት፣ 127.0.0.1 «እኔ» እንደሚለው ቃል መሆኑን ነው። «እኔ» የሚል ሁሉ የሚጠራው ራሱን ነው። ኮንቴነሩ ደግሞ የራሱ ኔትወርክ ኔምስፔስ (ከሌላው የተለየ የኔትወርክ ክልል)፣ የራሱም «ሎ» አለው። ፕሮግራሜ እዚያ ውስጥ ሆኖ ዳታቤዙን «እኔ ጋ ነው» ብሎ ይፈልጋል። እሱ ጋ ግን ፖስትግሬስ የለም። ለፒንጉም የመለሰው ኮንቴነሩ ራሱ ነበር።

ለማረጋገጥ ዶከርን ወደ ጎን ትቼ፣ «አይፒ ኔትኤንኤስ» በሚለው ትእዛዝ ባዶ ኔምስፔስ ፈጠርኩ። ውስጡ ገብቼ 127.0.0.1ን ፒንግ ሳደርግ «ኔትወርክ ኢዝ አንሪቸብል» (ኔትወርኩ ሊደረስበት አይችልም) አለኝ። ራሱን እንኳ ማግኘት አልቻለም። ለካ አዲስ ኔምስፔስ ሲፈጠር «ሎ» አብሮ ይፈጠራል፣ ግን ጠፍቶ ነው። በእጄ ሳስነሣው ወዲያው መለሰ። ዶከር ይሄን ሥራ ራሱ ስለሚሠራልን አናየውም። ካነበብኩት ሁሉ ይልቅ ነገሩን ያስረዳችኝ ይቺ የአምስት ደቂቃ ሙከራ ናት። ሊኑክስ ያለው ሰው ሁሉ ቢሞክራት ደስ ይለኛል።

መፍትሔው ቀላል ሆነ። ዳታቤዙንም ኮንቴነር ውስጥ አስገብቼ ሁለቱን በዶከር ኮምፖዝ (ኮንቴነሮችን አብሮ በሚያስነሣው መሣሪያ) አንድ ኔትወርክ ላይ አገናኘሁ። 127.0.0.1 በነበረበት ቦታ የዳታቤዙን ሰርቪስ ስም ጻፍኩ። ሠራ።

ሌላ ጥፋት ግን አስከትዬ ነበር። ዳታቤዙን ከላፕቶፔም ማየት ስለፈለግኩ ፖርቱን «5432:5432» ብዬ ከፈትኩ። በማግስቱ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዚያው ዋይፋይ ላይ ሆኖ ከራሱ ላፕቶፕ ዳታቤዙን ሲከፍተው ደነገጥኩ። የሱቁ ደንበኞች የዱቤ መዝገብ እዚያ ውስጥ ነው። ዶከር አድራሻ ካልተነገረው ፖርቱን የሚከፍተው በማሽኑ ኢንተርፌሶች ሁሉ ላይ ነው። ከቁጥሮቹ በፊት «127.0.0.1:» መጨመር ነበረብኝ። «ሎ» በር ብቻ ሳይሆን አጥርም ነው፤ ይሄን ቀድሜ ባለማወቄ እስካሁን ይቆጨኛል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። «ሎካልሆስት» እና 127.0.0.1 ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። «ሎካልሆስት» የሚለው ስም በአዲሱ የአድራሻ ዓይነት ወደሚጻፈው፣ ወደ አይፒቪ6ቱ «::1» ሊወስድ ይችላል። ኖድ ጄኤስ (የጃቫስክሪፕት ፕሮግራም ማስኬጃው) ከ17ኛው ስሪት ጀምሮ አይፒቪ4ን፣ የ127.0.0.1 ዓይነቱን አድራሻ፣ በራሱ ማስቀደም ትቷል። ሰርቨሩ 127.0.0.1 ላይ ብቻ ካዳመጠ ያው «ሪፊውዝድ» ሊመጣ ይችላል። አሁን እንዲህ ሲገጥመኝ መጀመሪያ «ኤስኤስ» በሚለው ትእዛዝ ማን፣ በየትኛው አድራሻ እንደሚያዳምጥ አያለሁ።

ፖርቱን ካስተካከልኩ በኋላ ባልደረባዬን ድጋሚ እንዲሞክር ለመንኩት። ሦስት ጊዜ ሞከረ። «ሪፊውዝድ ይለኛል» አለኝ።