ግራ እጄ፣ ሁለት አሰልጣኞች እና የሁለት ሊጎች ጠብ

ሰላም ጎበዝ። ባለፈው ስጽፍላችሁ ከምድብ ማለፍ አቅቶን ሳማርር ነበር። አሁን አልፈናል! ውድድሩ እዚሁ ሜሪላንድ የተካሄደ ትንሽ የሰፈር የፔይንትቦል (በቀለም ኳስ የመተኳኮስ ጨዋታ) ነገር ነው፣ 4 ነጥብ ቀድሞ የሞላ ያሸንፋል። ከምድብ እንደወጣን የገጠመን ቡድን ጠራርጎ አባረረን። ቢሆንም ደስታዬ ደስታ ነው።

ስለ ጀማሪነት ብዙ አላወራም። ጭንብል ላይ አትቆጥቡ። ማርከሩ (ኳሷን የሚተኩሰው መሣሪያ) ያገለገለ ቢሆንም ለጊዜው ይበቃል። የኳሷ ፍጥነት በሰከንድ ከ300 ጫማ እንዳያልፍ ሜዳ ላይ ይለካላችኋል። በቅርብ ስትመታችሁ ታቃጥላለች፣ ግን ትለምዱታላችሁ። በቃ።

የኔ ጣጣ ግራ እጄ ነው። ከምሽግ በግራ በኩል ብቅ ብሎ አንድ ሁለት መተኮስና ወዲያው መደበቅ። በቀኝ ሲሆን ተኝቼም እሠራዋለሁ። በግራ ግን ማርከሩን ወደ ሌላው እጅ ማዞር፣ በግራ ዓይን ማነጣጠርና ቃታውን በግራ ጣት መሳብ አለ። ያን ጊዜ ክርኔ ክንፍ አውጥቶ ከምሽጉ ውጪ ይንቀዋለላል። ክርኔን ስሰበስብ ደግሞ ሆፐሩ (ማርከሩ ላይ ያለው የኳስ መያዣ) ይታያል። ሆፐር ላይ የፈነዳ ኳስ ደረት ላይ እንደፈነዳ ነው የሚቆጠረው፣ ዳኛው ውጣ ይልሃል፣ ትወጣለህ።

የሚያሰለጥኑኝ ሰዎች ሁለት ናቸው። በዚህ ጉዳይ አይግባቡም፣ ጠባቸውም ከኔ በፊት የጀመረ ነው። አንደኛው ፀጉሩ የሸበተ፣ ድሮ ኤንፒፒኤል በሚባለው ሊግ አማተር ምድብ የተጫወተ ሰውዬ ነው። ሌላው ፒኤስፒ በሚባለው ተቀናቃኝ ሊግ፣ ኤክስቦል በተባለው የጨዋታ ዓይነት ያደገ።

ለማታውቁት ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ፔይንትቦል ለሁለት ተሰነጠቀ። ኤንፒፒኤል 7 ለ7 ይዞ ሄደ፣ በ2003 ካሊፎርኒያ ሀንቲንግተን ቢች አሸዋው ላይ ውድድር አዘጋጀ። ፒኤስፒ ደግሞ ኤክስቦልን አነገሠ። ልዩነቱ የተጫዋች ቁጥር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ7 ለ7 ከአንድ ቡድን ጋር የምትጫወተው አንዴ ነው። ለመታው ሰው፣ ለተነሳው ባንዲራ፣ በሕይወት ለተረፈው ተጫዋች ነጥብ ይደመራል፣ ጣሪያው 100 ነው። ከዳር የሚጮህልህ አሰልጣኝ የለም። ስለዚህ ሰው ይጠነቀቃል፣ ይጠብቃል፣ አንዲት ኳስ ያስብባታል። በኤክስቦል ግን 5 ለ5 ነው። ነጥብ ይገባል፣ ትንሽ ትተነፍሳለህ፣ ደግሞ እንደገና። አሰልጣኙም ደጋፊውም ከዳር "ግራህ ላይ ነው! ግራህ ላይ!" እያለ ያብዳል። አንድ ነጥብ ብትሸነፍ ዓለም አያልቅምና ሰው እንደ እብድ ይሮጣል።

ዋናው ጠብ ግን ቃታው ላይ ነበር። ኤንፒፒኤል "አንድ ስበት፣ አንድ ኳስ" አለ። ችግሩ ኤሌክትሮኒክ ማርከሮች መጡና አንዴ ተስቦ ሁለት ሦስት የሚተፋ ፕሮግራም በድብቅ መጫን ተጀመረ፣ ዳኛ ደግሞ በዓይኑ እንዴት ይለየው? ፒኤስፒ ነገሩን ከመደበቅ አውጥቶ ፈቀደው፣ ጣሪያ ግን አበጀለት። ራምፒንግ የሚባለው ይኸው ነው፦ ጥቂት ጊዜ በፍጥነት ስትስብ ማርከሩ ራሱ ይቀበልህና እስከ ጣሪያው ይተኩሳል። ጣሪያው በሰከንድ 15 ኳስ ነበር፣ ኋላ እየቀነሰ ወደ 10 ገደማ ወረደ።

አሁን ወደ ግራ እጄ። ኤክስቦለኛው "ራምፒንግ አብራ፣ መስመሩን በኳስ ሙላው፣ ሰውዬው አንገቱን አያወጣም፣ በግራ አነጣጥረህ መምታት ምን ያደርግልሃል?" ይለኛል። ሽማግሌው ይህን ሲሰማ ይናደዳል። ማርከሬን ተቀብሎ በአንድ ስበት አንድ ኳስ ላይ ያደርግና ሆፐሬን ገልብጦ አሥር ኳስ ብቻ ይተውልኛል። እንጨት ላይ የወረቀት ሰሃን ይሰካል። "ምታው።" ከምሽግ መውጣት፣ አንድ መተኮስ፣ መመለስ። ኳሱ ካለቀ ለቅመህ እንኳ አትጠቀምበትም፣ መሬት የነካ ኳስ በርሜል ውስጥ ይፈነዳል።

እኔ ለሽማግሌው ነው የማደላው። ራምፒንግ ሰነፍ ያደርጋል። ኳስ ስለሚረጭ የተለማመድክ ይመስልሃል፣ 2000 ኳስ የያዘው ካርቶን ከሰዓት ሳይደርስ ያልቃል፣ እጅህ ግን ምንም አልተማረም። በአሥር ኳስ ሲሆን እያንዳንዷ ለምን እንደሳተች ታውቃለህ። የኔ ወደ ቀኝ ነው የምትስተው፣ ጭንቅላቴን ስለማላዘነብል። መስታወት ፊት ቆሜ ባዶ ማርከር ይዤ እለማመዳለሁ፣ ባለቤቴ ምን እንደምታስብ አልጠየቅኳትም። ክርኔ ተሰብስቧል። ሆፐሩ ግን አሁንም ይታያል፣ ደክሞኝ ከሆነ ደግሞ ሁሉን እረሳና በቀኝ እጄ ሆኜ ግማሽ ሰውነቴን አውጥቼ እተኩሳለሁ።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን፣ ያለፍነው በኤክስቦለኛው ዘዴ ነው፣ ልዋሽ አልችልም። ውድድሩ በራምፒንግ ነበር፣ የኋላ ተጫዋቻችን መስመሩን ዘግቶ ያዘልን፣ እኛ ሮጥን።

ሁለት ሊግ መኖሩ ጥሩ ነበር የሚሉ አሉ። ለሕጉ ምናልባት፣ አንዱ ሌላውን እያየ ያሻሽላል። ለተጫዋቹ ግን ሁለት ዓይነት ልምምድ፣ ሁለት የጉዞ ወጪ፣ ለሁለት የተከፈለ ስፖንሰር ነበር። እንደ ሳን ዲዬጎ ዳይናስቲ ቡድን በሁለቱም ዋንጫ ማንሳት የሁሉ ዕጣ አይደለም። ኤንፒፒኤል በገንዘብ ተንኮታኩቶ በአዲስ ባለቤት ተነሳ፣ ከዚያም ጠፋ። ፒኤስፒም አልቀረለትም፣ ከ2015 ጀምሮ ቦታውን ኤንኤክስኤል የሚባል ሊግ ወሰደ። ያሸነፈው የጨዋታ ዓይነት የኤክስቦል ልጅ ነው። ሽማግሌው ይህን ስነግረው "የሜካኒካል (ኤሌክትሮኒክ ያልሆነ) ማርከር ውድድር ለምን ተመልሶ የመጣ ይመስልሃል?" አለኝና ሳቀ።

እስከ ፀደይ ልምምድ ላይ ራምፒንግ አላበራም ብያለሁ። ካፒቴናችን ካላበራህ ተቀያሪ ነህ ብሎኛል። ግራኝ ሆናችሁ በቀኝ በኩል ተመሳሳይ ችግር ያለባችሁ ካላችሁ ሆፐሩን እንዴት እንደምትደብቁት ጻፉልኝ፣ ትንሹን ሆፐር ግዛ የሚለውን ምክር ግን ሰምቻለሁ፣ ገንዘብ የለኝም።